ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ እምቢ ይላል

ጀማሪው፦ ሰላም ጓዶች። የኖድ (የጃቫስክሪፕት ኮድ ማስኬጃ) ፕሮጀክት ነው። እኔ ጋ ችግር የለውም። ትናንት ማታ ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን አንዱ ፓኬጅ (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) ከሌላው ጋር አልስማማ ብሎ ቆመ። ኮዱን አልነካሁትም እኮ!

አባ ተርሚናል፦ ሎክ ፋይሉ፣ ማለትም የተጫነው የእያንዳንዱ ፓኬጅ ቁጥር በትክክል የተጻፈበት፣ ጊት (የኮዱ ማስቀመጫ) ውስጥ አለ?

ጀማሪው፦ እ... የለም። በጣም ረጅም ስለሆነ አያስፈልግም ብዬ ነው።

አባ ተርሚናል፦ በቃ ተገኘ 😂 የምትፈልጋቸው ፓኬጆች የተዘረዘሩበት ፓኬጅ ጄሰን ላይ ከቁጥሩ ፊት ቆብ የመሰለች ምልክት አለች አይደል? ^4.2.0 ካልክ 4.9.0ም ይገባል፣ ከ5.0.0 ጀምሮ ያለው ግን አይገባም፤ ስለዚህ አንተ ድሮ የጫንከውና ሰርቨሩ ትናንት ያወረደው አንድ አይደሉም። ሎኩን ኮሚት አድርግ (ጊት ውስጥ አስገባው)። ሰርቨር ላይ በፓኬጅ መጫኛው በኤንፒኤም «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ማለቱን ተውና «ኤንፒኤም ሲአይ» በል። የድሮውን ጠራርጎ ሎኩ ላይ ያለውን ብቻ ይጭናል። ሁለቱ ፋይሎች ካልተስማሙም እዚያው ያቆምሃል።

ሌሊት ሠሪ፦ ልክ ነው፣ ግን ሎክ ብቻውን አያድንም። በፈረንጆቹ 2016 ሌፍትፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ባለቤቱ ከኤንፒኤም ሲያነሳት የስንቱ ፕሮጀክት ቢልድ (ኮዱን ለሥራ ማዘጋጀቱ) ተሰበረ! ፓኬጁ ራሱ ከሌለ ሎኩ ምን ያደርጋል? አንዴ ቢልድ አድርገህ ያንኑ የዶከር ኢሜጅ (ኮዱና ፓኬጆቹ አብረው የታሸጉበትን) ወደ ሁሉም ሰርቨር ውሰድ።

ጀማሪው፦ ሠራ! እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስባክን ነበር እኮ። ዶከሩን ቅዳሜ እሞክረዋለሁ።