ማዚ መለሰ ለምን ኮንግረስ አልገባችም?

ጥያቄ፦ ማዚ መለሰ ፒሊፕ በ12 ዓመቷ በዘመቻ ሰለሞን እስራኤል የገባች ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ስቴት የናሶ ካውንቲ ምክር ቤት ተመረጠች፣ በ2024 ሪፐብሊካን ሆና ለኮንግረስ (ለተወካዮች ምክር ቤት) ስትወዳደር ግን ተሸነፈች። ልምድ አንሷት ነው?

መልስ 1፦ ሕጉ ልምድ አይጠይቅም። 25 ዓመት መሙላት፣ 7 ዓመት ዜግነት፣ የስቴቱ ነዋሪነት፣ በቃ። ግን ተፎካካሪዋን ቶም ስዎዚን እዩት፤ መጀመሪያ የግሌን ኮቭ ከንቲባ፣ ከዚያ የዚያው የናሶ ካውንቲ አስተዳዳሪ ሆኖ ሰው በደንብ ካወቀው በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2016 ለኮንግረስ የተመረጠው።

መልስ 2፦ እውነት ነው፣ ግን የምርጫው ቀን በረዶም ነበር። የእሷ ፓርቲ ሪፐብሊካኖች ደግሞ በዕለቱ ወጥቶ በሚመርጠው ሰው ላይ ነው የተማመኑት።

መልስ 3፦ የካውንቲ መራጮቿ በ2023 በድጋሚ መርጠዋታል እኮ። እኔ ብሆን እዚያው ጥቂት ዓመት ሠርታ እንደገና ብትሞክር ደስ ይለኛል።