ፖሊስ ውሻውን መቼ ይልቀቅ? ደንቡንስ ማን ይጻፍ?

የኦክላንዷ፦
አገር ቤት በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል። ያነበበ ይጠነቀቃል። እዚህ አሜሪካም ፖሊስ ውሻ ሊለቅ ሲል ማስጠንቀቂያ ያሰማል። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በጩኸት። ውሻው ራሱ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በጀርመንኛ ወይም በደችኛ ነው። እናቴ አንዱንም ቋንቋ አትሰማም።

ለክርክር ያነሳሁት ይህን ነው። በ2023 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አባል ኮሪ ጃክሰን ኤቢ 742 የተባለ ረቂቅ ሕግ አቅርቦ ነበር። ፖሊስ ሰው ለመያዝም ሆነ ሰልፍ ለመቆጣጠር በውሻ እንዳይጠቀም የሚከለክል ነው። ፈንጂና ዕፅ የሚያነፈንፈውን፣ የጠፋ ሰው የሚፈልገውን አይነካም። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። ለእኔ ጥያቄው አልተዘጋም። ውሻ በሰው ላይ መቼ እንደሚለቀቅ ማን ይወስን? ሕግ አውጪው ወይስ ፖሊስ ራሱ?

ሰኩሪቲው፦
አለመጽደቁ ደግ ሆነ። እኔ ለዓመታት ሌሊት ጥበቃ ሠርቻለሁ። ጨለማ መጋዘን ውስጥ ሰው ተደብቋል ሲባል ማን ቀድሞ ይግባ? ፖሊሱ ሽጉጥ ይዞ ከገባ ኮሽ ባለ ቁጥር ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ይተኩሳል። ውሻ ተጠርቶ ይመለሳል። ጥይት ተመለስ ቢሉት አይሰማም። ውሻውን ስትነጥቂው እጁ ላይ ምን ይቀራል እህቴ?

የኮሎምበሱ ሾፌር፦
ተጠርቶ ይመለሳል አልክ ወንድሜ? እዚህ ኦሃዮ ሰርክልቪል ከተማ የሆነውን እኛ ትራክ የምንነዳ አንረሳውም። ከኮሎምበስ በ23 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ስትወርድ ቅርብ ነው። ጁላይ 4 ቀን 2023 ነው። ጥቁር ልጅ ነው፣ ትራክ ይነዳል። ሊያስቆሙት የፈለጉት ትራኩ ማድፍላፕ፣ ከጎማው ኋላ የሚንጠለጠለው የጭቃ መከላከያ፣ ስለጎደለው ነው። እርግጥ ቁም ሲሉት አልቆመም፣ አስከትሏቸው ሄዷል። በኋላ ግን ወርዶ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ነበር። አንዱ የስቴት ፖሊስ «እጁን አንስቷል፣ ውሻውን እንዳትለቀው!» እያለ ደጋግሞ ይጮሃል። ቪዲዮው ላይ ይሰማል። የከተማው ፖሊስ ግን ውሻውን ለቀቀበት።

ሰኩሪቲው፦
ያ ፖሊስ ተባረረ እኮ! አንድ ሰው ስላጠፋ ሥራው ሁሉ ይቅር?

የኮሎምበሱ ሾፌር፦
አዎ ተባረረ። ግን የመሥሪያ ቤቱ ገምጋሚ ቦርድ ምን እንዳለ አንብበሃል? ውሻው የተለቀቀው በደንባችን መሠረት ነው አለ። ያንን እጁን ያነሳ ልጅ አስበውና ይህን አንብበው። ደንቡ የእነሱ፣ ገምጋሚውም የእነሱ። እኔን ያናደደኝ ከውሻው ይልቅ ይሄ ነው።

ነርሷ፦
ስለ «ተጠርቶ ይመለሳል» አንድ ነገር ልበል። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። እዚህ ብዙዎቹ የፖሊስ ውሾች የሚሠለጥኑት ነክሰው እንዲይዙ ነው። ያዡ ልቀቅ እስኪላቸው ወይም መጥቶ እስኪያላቅቃቸው አይለቁም። አሁን ክንድህን ተነክሰሃል እንበል። አትንቀሳቀስ ይሉሃል። ማን ይችላል? ትፈራገጣለህ፣ በሌላው እጅህ ጭንቅላቱን ትገፋለህ። ውሻው የባሰ ያጠብቃል። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ «እጅ አልሰጥም ብሎ ታገለ» ተብሎ ይሰፍራል። ቁስሉን ከላይ ስታየው ትናንሽ ቀዳዳ ነው። ውስጡ ግን ጡንቻው ተተልትሏል። ውሻ ከዱላ ጋር እንደ እኩል መሣሪያ ባይመደብ የምለው ለዚህ ነው። ዱላ ፖሊሱ ሲያቆም ይቆማል።

የኦክላንዷ፦
ማንን እንደሚነክስም እንነጋገር እንጂ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ስለ ሚዙሪዋ ፈርጉሰን ከተማ ፖሊስ ባወጣው ሪፖርት፣ ዘራቸው በተመዘገበባቸው የውሻ ንክሻዎች ሁሉ የተነከሱት ጥቁሮች ነበሩ። ሁሉም! በ1963 አላባማ በርሚንግሃም ውስጥ ለጥቁሮች መብት በወጡ ሰልፈኞች ላይ ውሻ ሲለቀቅ የሚያሳየውን ፎቶ ያላየ የለም። እኛን ደግሞ ጨለማ ውስጥ «ይሄ ሐበሻ ነው» ብሎ የሚለይ ውሻ አልተወለደም።

የሲያትሉ፦
መከልከል ከባድ ነው። ዋሽንግተን ስቴት በ2021 ሞክሮታል። ኤችቢ 1054 የተባለው ረቂቅ ሕግ መጀመሪያ ሲቀርብ ከማሰሪያው የተፈታ ውሻን ሰው ለመያዝ መጠቀምን የሚከለክል ነበር። ሲጸድቅ ግን ክልከላው ወጥቶ፣ ስለ ውሻ አጠቃቀምና ሥልጠና ናሙና ደንብ የሚያዘጋጅ ቡድን ይቋቋም ወደሚል ወረደ። እኔ ሁለት ነገር ቢጨመር ይበቃኛል። አንደኛ፣ ውሻው አግኝቶ እንዲጮህ ይሠልጥን። ሰውዬው ካልሸሸና ካልተናነቀ ጥርስ አይነካውም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ንክሻ ለስቴቱ ይመዝገብ። በ2020 ማርሻል ፕሮጀክት የተባለው የፍትሕ ጉዳይ ዘጋቢ ሚዲያ ከሌሎች ጋር ሆኖ የፖሊስ ውሻ ንክሻ ሲቆጥር፣ ከ20ዎቹ ትልልቅ ከተሞች ኢንዲያናፖሊስ አንደኛ ወጣች። ለዚያ ሥራ ፑሊትዘር የተባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኙ። ይገርማል፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚኖር ውሻ የነከሰውን ጋዜጠኛ ነው የሚቆጥረው።

ሰኩሪቲው፦
አግኝቶ ይጩህ የሚለው ወረቀት ላይ ያምራል። የተደበቀው ሰው መሣሪያ ከያዘስ? ውሻው ቆሞ ሲጮህ ይገድለዋል፣ ቀጥሎ ፖሊሱን ይጠብቃል። አሠልጣኞችን ጠይቅ፤ እንዲጮህ የሠለጠነውም ሲደናገጥ ይነክሳል። መመዝገቡ ላይ ግን አልከራከርህም። ይመዝገብ። የሰርክልቪሉ ነገር እኔንም አሳፍሮኛል። እጁን ያነሳ ሰው ላይ አይለቀቅም ተብሎ በሕግ ይጻፍ፣ እሺ። ካሊፎርኒያ እንዳሰበችው ጠቅልሎ ይከልከል ግን አልልም።

የኮሎምበሱ ሾፌር፦
በሕግ ይጻፍ ካልክማ ከእኛ ጋር ነህ! ደንቡን መሥሪያ ቤቱ ብቻ አይጻፈው ነው እኮ ያልኩት።

የኦክላንዷ፦
ቆይ፣ ቆይ። ሕጉ ተጻፈ እንበል። ቪዲዮውን ማን ያየዋል? ያው ቦርድ?

ሰኩሪቲው፦
እሱን ነገ እንጨቃጨቅበታለን፤ ፈረቃዬ ደርሷል።