የሆድ ውሃ ኢንፌክሽን ለያዘው የጉበት ሕመምተኛ የጂን ምርመራ ያስፈልገዋል?

ጥያቄ | ጤና መኮንን፣ ቡሬ
ጤና ይስጥልኝ። ታካሚው 46 ዓመቱ ነው፣ 60 ኪሎ ይመዝናል። በሄፓታይተስ ቢ ሳቢያ ሲሮሲስ (የጉበት መጠጠር) አለው፤ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። የሆዱን ውሃ ኢንፌክሽን ይዞት ሪፈር ብለነው ነበር፤ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ ጨርሶ ተመልሷል። አሁን የሚወስደው ለቫይረሱ ቴኖፎቪር 300፣ ውሃውን በሽንት ለማስወጣት ስፓይሮኖላክቶን 100 እና ላሲክስ 40፣ እንዲሁም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሙ «ኖድ2 የሚባል ጂን የተበላሸበት ሰው ኢንፌክሽኑ ይጠናበታል፤ ምራቁን ላኩልኝ፣ ላስመርምርለት» ይላል። ውጤቱ ሕክምናውን ይቀይረዋል?

መልስ | የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ባሕር ዳር
ወንድምየው ከሜዳ ተነስቶ አላወራም። ኖድ2 የባክቴሪያ ግድግዳ ስብርባሪ ሲያገኝ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ነው። ጉበት ሲጠጥር የአንጀት ባክቴሪያ እየሾለከ ወደ ሆድ ውሃው ይገባል፤ ኖድ2 በደንብ ካልሠራ የሚያስቆመው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጀርመን ጥናት ለውጡ ያለባቸው ሕመምተኞች ኢንፌክሽኑ እንደሚበዛባቸው፣ ዕድሜያቸውም እንደሚያጥር አሳይቷል።

ችግሩ፣ የሚመረመሩት ሦስቱ የታወቁ ለውጦች በአውሮፓውያን ላይ የሚታዩ ናቸው፤ በአፍሪካውያን ዘንድ እጅግ ጥቂት ናቸው። «የለበትም» ቢባል ያረፍን ይመስለናል እንጂ አላረፍንም። «አለበት» ቢባልም የምናደርገው ያው ነው፤ አንዴ የያዘው ሰው ጂኑ ምንም ይሁን ምን መከላከያ መድኃኒት ይጀምራል። ያለ መከላከያ ከ10 ሰው 7ቱ ገደማ በዓመት ውስጥ ይደገምባቸዋል።

ከጻፍካቸው መድኃኒቶች ውስጥ የጎደለው ደግሞ ይኸው መከላከያ ነው! ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የተባለውን አንቲባዮቲክ 500 ሚ.ግ በቀን አንዴ ጀምርለት። የሆዱ ውሃ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አይቋረጥም። ከወተት፣ ከአይረንና ከአንታሲድ ጋር ከወሰደው ወደ ደሙ የሚገባው ይቀንሳል፤ ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ይዋጠው። ሲፕሮ ከጠፋ ኮትሪሞክሳዞል 960 ሚ.ግ በቀን አንዴ ይተካዋል፤ ግን ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ሲደመር ፖታሲየምን ከፍ ስለሚያደርግ በሳምንቱ ፖታሲየምና ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) አሠራ።

ኦሜፕራዞሉን ለምን እንደታዘዘ እይ። ቁስለት ከሌለ አቁመው። የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ባክቴሪያ ይበዛል፤ ለዚህ ሰው መዘዝ ነው። ቴኖፎቪር ግን ቫይረሱ ከደም ቢጠፋም አይቆምም፤ ድንገት ማቆም ጉበቱን ሊያስቆመው ይችላል።

መልስ | ላብራቶሪ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ
ዶክተር የተናገሩት ላይ ልጨምር። ሆዱን ካመመው፣ ካተኮሰው፣ ወይም ንግግሩ ከተምታታበት የዚያኑ ዕለት ታፕ አድርጋችሁ (የሆዱን ውሃ በመርፌ ቀድታችሁ) ላኩልን። አንዱን ሐምራዊ ክዳን ባለው ኢዲቲኤ ቱቦ ለቆጠራ፤ 10 ሚሊ ሊትሩን ደግሞ እዚያው አልጋው አጠገብ የደም ካልቸር (ባክቴሪያ ማብቀያ) ጠርሙስ ውስጥ። በተራ ጠርሙስ ከመጣ ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ አይበቅልም። ውሃው ካደረ ሕዋሳቱ ይፈርሱና ቁጥሩ በሐሰት ያንሳል።

ማሽን ከሌለ በኒውባወር ቻምበር (በማይክሮስኮፕ መቁጠሪያ መስታወት) ቁጠሩ፤ ከዚያ ሴንትሪፊውጅ ተደርጎ ዝቃጩ በራይት ቀለም ተቀብቶ የኒውትሮፊል (ባክቴሪያ የሚዋጋው ነጭ ሕዋስ) ድርሻው ይለያል። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነጭ ሕዋስ 600 ሆኖ 70 በመቶው ኒውትሮፊል ቢሆን 420 ነው፤ ከ250 ጀምሮ ኢንፌክሽን ይባላል፣ ካልቸር ሳይጠበቅ ሕክምና ይጀመራል። ደም የተቀላቀለበት ከሆነ በየ250 ቀይ ሕዋስ 1 ኒውትሮፊል ቀንሱ። ሊምፎሳይት (ሌላው የነጭ ሕዋስ ዓይነት) ከበዛ ቲቢን አስቡ። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ባንድ ላይ ከታየ ወይም የውሃው ግሉኮስ ከ50 ሚ.ግ/ዴ.ሊ ካነሰ አንጀት ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሐኪም ይየው።

መልስ | ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም
ለቤተሰቡ ደግሞ ይህን ንገርልን፦ ጨው በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ከሞላ ጎደል በቂ ነው፤ በበርበሬና በምጥን ሽሮ ውስጥ የገባው ይቆጠራል፣ ስለዚህ የእሱ ወጥ ለብቻው ይሠራ። አረቄና ጠላ ጨርሶ አይቅመስ። ለሕመም ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ኩላሊቱን ያቆሙታል፤ ፓራሲታሞል በቀን እስከ 2 ግራም ይበቃዋል። ለ«ወፍ በሽታ» እየተባለ የሚሰጥ ቅጠል አይጠጣ።

በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ጡንቻውን ይበላዋል። የንስሐ አባቱን ያናግር፤ ለሕመምተኛ ይፈቀዳል። ማታ ከመተኛቱ በፊትም ገንፎ ወይም እንቁላል ይቅመስ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፣ ሲፕሮውን ዛሬ ጀመርኩለት። ወንድሙ ገንዘቡን ልላክ ቢል ለምን ይሁን? ሪፈር ባልነው ጊዜ አልቡሚን (ኩላሊቱን ለመጠበቅ በደም ሥር የሚሰጠው ፕሮቲን) ጠፍቶ ነበር።

መልስ | የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ባሕር ዳር
ለአልቡሚኑ ይሁን። ኢንፌክሽኑ ከተደገመ በመጀመሪያው ቀን 1.5 ግራም በኪሎ፣ በ3ኛው ቀን 1 ግራም በኪሎ ይሰጣል። ለ60 ኪሎ 90 ከዚያ 60 ግራም መሆኑ ነው። የ20 በመቶው 50 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 10 ግራም ስለሚይዝ 9 ከዚያ 6፣ ባጠቃላይ 15 ብልቃጥ። የማይቻል ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ክሬአቲኒኑ ከ1 ወይም ቢሊሩቢኑ (ዓይን የሚያቢጨው ቀለም) ከ4 ሚ.ግ/ዴ.ሊ ሲበልጥ ነው።

አሁኑኑ ግን ወንድሞቹና እህቶቹ፣ ሚስቱና ልጆቹ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይደረግላቸው። ነጋቲቭ የሆኑት በ0፣ በ1 እና በ6 ወር 3 ዶዝ ክትባት ይውሰዱ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን የያዘው የሕፃናት ፔንታቫለንት ክትባት አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱት በሕፃንነታቸው አልተከተቡም። ራሱ ወንድምየውም ውጭ አገር ስላለ አይለፈው፣ ይመርመር።