ኃይል ነው ዕድገትን የሚያመጣው ወይስ ዕድገት ነው ኃይልን የሚጠራው?

ጠያቂው፦ ትናንት ስለ ቡሬው የኢንዱስትሪ ፓርክ ስናወራ አንዱ «መብራት በብዛት ይምጣ እንጂ ዕድገቱ ራሱ ይከተላል» አለ። ሌላው ሳቀበት። እስቲ እንከራከርበት።

ባለወፍጮው፣ ደንበጫ፦ ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሬያለሁ። ወጪዬ ቀነሰ፣ ገበያዬ ግን ያው ነው። ገበሬው እህል ካልጨመረ መብራቱ ብቻውን ምን ይፈጫል?

መምህሩ፣ ደብረ ማርቆስ፦ አያ ደንበጫ እውነትዎን ነው። ክራፍትና ክራፍት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን አሃዝ አይተው ያገኙት ይህንኑ ነው። ዕድገቱ ፍጆታውን ይጎትታል እንጂ ፍጆታው ዕድገቱን አልጎተተም። በኋላ በየአገሩ የተሠሩት ጥናቶች ግን እርስ በርስ አይስማሙም።

ባሕር ዳሬው፦ አሜሪካን ተዉትና እዚሁ እንይ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ በ1961 እ.ኤ.አ. ተተከለ። 11.4 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጢስ ዓባይ የኃይል ጣቢያ የመጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ፋብሪካው ቀደመ ማለት ነው። ኃይል ብቻውን ቢያበለጽግማ 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ያለባት ጃዊ ወረዳ ዱባይ በሆነች ነበር።

መምህሩ፦ ቆይ፣ ፏፏቴው ባይኖር ማን እዚያ ፋብሪካ ይተክል ነበር? ኃይል እንደሚመጣ ታውቆ የተተከለ ነው የሚመስለኝ።

እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ዳንግላ፦ ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም የምትቆጥሩት መብራት ብቻ ነው። ማገዶስ ኃይል አይደለም? በሦስት ጉልቻ ስጋግር አብዛኛው ሙቀት ወደ ጎን ይወጣ ነበር። ዓይኔም በጢስ አለቀ። በኤሌክትሪክ ምጣድ የማቃጥለው ኃይል ያነሰ ነው፣ የምሸጠው እንጀራ ግን በዛ። ታዲያ ፍጆታዬ ቀንሶ አደግኩ አይባልም? እኔን የሚያከስረኝ የኃይሉ ማነስ አይደለም። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ፣ መብራቱ እልም ሲል ነው። የዚያን ቀን ሊጥ ማን ይከፍለኛል? ለደንበኛዬስ ምን እላለሁ?

መምህሩ፦ እትዬ፣ ይሄ ከእኔ ጥናት ይበልጣል። እንግሊዝም ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢኮኖሚዋ አድጎ የኃይል ፍጆታዋ ቀንሷል። እርግጥ ከባድ ፋብሪካዎቿ ወደ ውጭ መሄዳቸውም አለበት።

ባሕር ዳሬው፦ እንግሊዝ ከጠገበች በኋላ ነው የቀነሰችው። እኛ ገና ምኑን በላንና! ብረት የሚበይደው ልጅ በቁጠባ አይበይድም። ኃይል መጨመር አለበት።

ጋጋሪዋ፦ ይጨመር፣ ማን ጠላ? ግን አይቆራረጥ።

ባለወፍጮው፦ እሷ ያለችው ነው። እኔም የናፍጣ ሞተሬን እስካሁን አልሸጥኩም፣ ጓሮ ተሸፍኖ ተቀምጧል።