ከማጅራቴ እስከ ትከሻዬ ጠንክሮ ይዞኛል፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። በቀኝ በኩል ከማጅራቴ እስከ ትከሻዬ ድረስ ይዞኛል። ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ነው የምውለው። ወደ ማታ ሕመሙ ወደ ጆሮ ግንዴ ይወጣና ራሴን ያመኛል። ትከሻዬን በጣቴ ስዳብሰው እንደ ጠጠር የሚቆረቁር ቋጠሮ አለው። ትናንት ባለቤቴ ጠበቅ አድርጎ አሸኝ፤ ዛሬ ግን ባሰብኝ። አልወደቅኩም፣ እጄም አይደነዝዝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት ነኝ)፦
ይማርሽ እህቴ። አለመውደቅሽንና እጅሽ አለመደንዘዙን መናገርሽ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ የምጠይቅሽ እሱን ነበር። ነገሩ ትራፔዚየስ የሚባለውን ጡንቻ ይመስላል። ከራስ ቅል ሥር ተነስቶ በማጅራት በኩል ወደ ትከሻ የሚወርድ ሰፊ ጡንቻ ነው። ይሄ ጡንቻ ሲቋጠር ሕመሙ እዚያው አይቀርም፤ እስከ ጆሮ ግንድ ይወጣል።

የቴኒስ ኳስ ካለሽ ጀርባሽን ለግድግዳ ሰጥተሽ ኳሱን መሃል አድርጊው። የሚያርፈው ሥጋው ላይ ይሁን፤ አከርካሪሽ ላይ በፍጹም። ጉልበትሽን እያጠፍሽ ቀስ ብለሽ ከፍ ዝቅ በይ። የሚያምሽን ቦታ ስታገኚ እዚያው ቁሚና ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ያህል ተደገፊበት። “አዎ፣ እሱ ነው” የሚያሰኝ ሕመም ይበቃል። ትንፋሽ የሚያስይዝ ከሆነ ግን በዝቷል። ትናንት የሆነውም ይኸው ይመስለኛል፤ ጡንቻ በኃይል ሲጫኑት ራሱን ለመከላከል ይበልጥ ይኮማተራል። ስለዚህ ዛሬ ተዪው፣ ነገ በቀስታ ጀምሪ። የአንገትሽን የፊትና የጎን ክፍል ግን አትጫኚ። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ትልልቅ የደም ሥሮች የሚያልፉት በዚያ ነው።

መልስ፦
እኔን የረዳኝ ሙቀት ነው። የሙቅ ውሃ ላስቲክ በፎጣ ጠቅልዬ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ። ሲላላልኝ ጆሮዬን ወደ ሌላኛው ትከሻ ዘንበል አድርጌ 20 ሰከንድ እቆያለሁ። በእጄ አልጎትትም፤ የጭንቅላቴ ክብደት ራሱ ይበቃዋል።

መልስ፦
እኔስ አንገቴን ጠምዘዝ አድርጌ ቀጭ ሳደርገው ነው የሚለቀኝ።

መልስ (ፊዚዮቴራፒስቱ)፦
ወንድሜ፣ እባክህ እሱን ተወው። የሚሰማህ እፎይታ የአፍታ ነው። አንገትን በኃይል መጠምዘዝ፣ ብዙ ጊዜ ባይሆንም፣ የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ለሌላም ሰው አትምከር።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። ማስታገሻስ ልውሰድ? ትራስስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ (ፊዚዮቴራፒስቱ)፦
አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ሊያግዝ ይችላል፤ ምግብ በልተሽ ውሰጂው። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ሐኪም ሳታማክሪ አትንኪው። ትራስሽ አንገትሽን ከጀርባሽ ጋር ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ይሁን። በሆድ መተኛቱ ግን ይቅርብሽ፤ ሌሊቱን ሙሉ አንገትሽ ዞሮ ነው የሚያድረው።

እጅሽ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ስትራመጂ ካንገዳገደሽ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ወይም ትኩሳት መጥቶ አንገትሽ ከደረቀ ቤት አትቆዪ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂጂ። ሕመሙ ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣም እንደዚሁ፤ ልብ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦
ማውስሽ የት ነው የሚቀመጠው? እኔም የቀኝ ትከሻዬ ብቻ ነበር የሚያመኝ። ለወራት ሳሻሸው ኖሬ፣ ለካ ማውሱ ርቆ ክንዴ ቀኑን ሙሉ ተዘርግቶ ነው የሚውለው! ክርንሽ ከጎንሽ ሳይርቅ እንድትደርሺበት አስጠጊው። ላፕቶፑን መጻሕፍት ደራርበሽ እስከ ዓይንሽ ከፍ አድርጊውና ሌላ ኪቦርድ ሰኪለት። ካለዚያ ኳሱ ማታ ያላላውን ጠረጴዛው ጠዋት ያጠብቀዋል። በየግማሽ ሰዓቱም ተነስተሽ ትከሻሽን ወደ ኋላ አሽከርክሪ።

ጠያቂዋ፦
አሁን አየሁት! ማውሱ ከደብተሮቼ ማዶ ነው የሚቀመጠው። ደብተሮቹን አንስቼ አስጠጋሁት። ኳሱን ነገ እጀምራለሁ። በሁለት ሳምንት ካልቀነሰልኝ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።