ቋንቋውን ብንቆልፈው ምርምሩ እንዳይታነቅ ምን ይሻላል?

ማራኪ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር የአማርኛ ቁልፍ ቃላት ያሉት የማስተማሪያ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየሠራን ነው። መስከረም ላይ የአንደኛ ዓመት ጥራዝ ይታተማል፤ የታተመው ምሳሌ ጥር ላይ አልሠራ ማለት የለበትም። በዚያው ኮምፓይለር (ኮዱን ለማሽኑ በሚተረጉመው ፕሮግራም) ላይ ግን የማስተርስ ተማሪዎች የታይፕ ሲስተሙን (የዳታ ዓይነቶችን ሕግ) በየጊዜው ይነካኩታል። ብንቆልፈው የእነሱ እጅ ይታሰራል፣ ባንቆልፈው መምህሩ ይቸገራል። ምን ትመክሩናላችሁ?

አዘዞ፦
ወንድምዓለም፣ ይኼ ጣጣ ሃስኬል የሚባለውን ፕሮግራሚንግ ቋንቋም አግኝቶታል። የመጀመሪያው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፤ ቋንቋው መለዋወጡን ባያቆም ለመጻሕፍትና ለማስተማሪያ የሚሆን ሃስኬል 98 የሚባል የረጋ እትም ተለየለት። ምርምሩ በጎን ቀጠለ። ጂ.ኤች.ሲ. የተባለው ኮምፓይለር መጀመሪያ ብዙዎቹን ኤክስቴንሽኖች (ከሪፖርቱ ውጭ የተጨመሩ ፊቸሮች) በአንድ ማብሪያ በጅምላ ይከፍት ነበር፤ በኋላ ግን እያንዳንዱ በፋይሉ ራስ ላይ በስሙ የሚጠራ ሆነ። እናንተ ከሁለተኛው ጀምሩ፤ በጅምላ ከተከፈተ የትኛው ፋይል በየትኛው ሙከራ ላይ እንደተንጠለጠለ ማንም አያውቅም።

የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር «እትም 1» ይበል። መስመሩ ከሌለ ኮምፓይለሩ የድሮውን እትም ይውሰድ፣ አዲሱን አይደለም። ረስት የተባለው ቋንቋም እትም ካልተጻፈለት «2015» የተባለውን እትም ነው የሚወስደው። ነገ «ጠብቅ»ን ቁልፍ ቃል ብታደርጉት በእትም 1 የቫሪያብል ስም ሆኖ ይቀጥላል፣ በእትም 2 ብቻ ይያዛል። ልዩነቱ ፓርሰሩ (ኮዱን አንብቦ የሚተነትነው ክፍል) አካባቢ ያብቃ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም እትሞች ወደ አንድ ዓይነት ውስጣዊ ቅርጽ ካልወረዱ ሁለት ኮምፓይለር ስትጠግኑ ትኖራላችሁ።

ፒያሳ፦
በማብሪያው እስማማለሁ፤ የባሰው አደጋ ግን ያልተሠራ ነገር ስታንዳርድ ውስጥ መግባቱ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ እ.ኤ.አ. በ1998 ለቴምፕሌት (ለተለያዩ ዓይነቶች ለሚያገለግል የኮድ ሻጋታ) «ኤክስፖርት» የሚል ቁልፍ ቃል ደነገገ፤ ኮምፓይለር ሠሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሸሹት፣ በ2011 ተሰረዘ። ጃቫስክሪፕት ላይ አንድ ፊቸር የመጨረሻውን ደረጃ ለማለፍ የጋራውን ፈተና ያለፉ ሁለት አተገባበሮች (ፊቸሩን በተግባር የሠሩ ፕሮግራሞች) ይጠየቃሉ። እናንተ ያላችሁ አንድ ነው። ቀርፋፋም ቢሆን ሁለተኛ ኢንተርፕሪተር (ኮዱን በቀጥታ የሚያስኬድ ፕሮግራም)፣ የኮምፓይለሩን ኮድ ያላየ ሰው የቋንቋውን ደንብ ሰነድ ብቻ እያነበበ ይጻፍ። ሁለቱ መልስ የተለያዩበት ቦታ ሁሉ ሰነዱ ያልጠራበት ነው። እሱ ሳይጠራ አትቆልፉ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሞክሼ ፊደላትን ወስናችኋል? ለዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን ለሚለይበት ስታንዳርድ) «ዓመት» እና «አመት» ሁለት ስም ናቸው፤ ጽሑፍን ወደ አንድ ቅርጽ የሚያመጣው ደንቡ ኤን.ኤፍ.ሲ. አያዋህዳቸውም፣ ኤን.ኤፍ.ኬ.ሲ.ም እንደዚያው። ተማሪው አንዴ በዐይኑ ዓ፣ አንዴ በአልፋው አ ይጽፍና «ያልታወቀ ስም» ይባላል።

ማራኪ፦
አንድ አድርገን እናንብባቸው ብለን ነበር፤ ለእትም 2 አቆይተነዋል።

ፒያሳ፦
እሱን አታቆዩት። በእትም 1 ሁለት የነበሩ ቫሪያብሎች በእትም 2 አንድ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ዋጋ ድምፅ ሳያሰማ ይደመስሳል። ደግሞ የቅኔ አገር ነው፤ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ሌላ ነው የሚል አይጠፋም። ባይሆን በአንድ ብሎክ ውስጥ በሞክሼ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ከተገኙ ስህተት ይሁን፣ መልእክቱም ሁለቱንም ስም ከነመስመር ቁጥራቸው ያሳይ። ክልከላ በኋላ ቢላላ ትናንት የሠራ ፕሮግራም አይሰበርም፤ የተፈቀደን መከልከል ግን ይሰብራል። ለታይፕ ሲስተሙም ይኸው ነው፦ የሚያጠራጥረውን በእትም 1 ከልክሉ፣ የማስተርስ ልጆቹ ማብሪያው ውስጥ ይፍቱት።