እንግዳ ሲመጣ ነዋሪው እንዳይገፋ፦ ስለ ሐይቅ ዳሩ ሰፈራችን የጉብኝት ዕቅድ የተደረገ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ በጠቅላላ ጉባኤያችን በተወሰነው መሠረት፣ እንግዶች በሰፈራችን በእግር እየተዘዋወሩ የሚጎበኙበትን ሥርዓት የሚመለከት የጋራ ሐሳብ አዘጋጅተን ለክፍለ ከተማው አስተዳደር ማቅረብ ይጠበቅብናል። የመነሻ ረቂቁን ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁና የሚጨመረውን፣ የሚቀነሰውንና ጨርሶ ሊቀር የሚገባውን በጽሑፍ እንድታሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ወደ ሐዋሳ የሚመጣ እንግዳ የሚውልበት ቦታ የታወቀ ነው። ጠዋት በዓሣ ገበያው በአሞራ ገደል ዓሣውን ይበላል፣ ጀልባ ተከራይቶ ጉማሬ ፍለጋ ይሄዳል፣ ሲመሽ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ይናፈሳል፣ በማግሥቱም ወደ መጣበት ይመለሳል። ከሐይቁ ጥቂት ገባ ብሎ ያለው፣ እኛ የምንኖርበት ሰፈር ግን በመኪና መስኮት ከመታየት አያልፍም። የሚያሳዝነኝ ገቢው መቅረቱ ብቻ አይደለም፤ እንግዳው ይህን የመሰለ ከተማ አይቶ ማን እንደሚኖርበት ሳያውቅ መመለሱ ነው።

ከተማችን ዕድሜዋ አጭር ነው። ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን፣ በ1950ዎቹ መባቻ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስትቆረቆር፣ ቀድሞውንም በስፍራው ይኖር በነበረው የሲዳማ ሕዝብ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት ተሰጥቷቸው ሰፈሩ። ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው ተከትለው መጡ፤ ሐምሌ 2008 ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ ከየወረዳው ሥራ ፈላጊ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ወደ ከተማዋ ጎረፉ። የደቡብ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆና የኖረችው ሐዋሳ ከ2012 ወዲህ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ዛሬ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ የውኃ ቧንቧ ይቀዳል፣ በአንድ ዕድር ይቀባበራል።

ረቂቁ የሚለው ይህን ነው። ጉዞው ጠዋት ከአሞራ ገደል ተነሥቶ ሐይቁን በመከተል ወደ ገብርኤል አደባባይ ይወጣል፤ ከዚያ በሰፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች አልፎ ፒያሳ ላይ ያበቃል። አንድ ቡድን ከ12 ሰው አይበልጥም። አስጎብኚዎቹ የሰፈሩ ወጣቶች ይሆናሉ፤ ምሳ ደግሞ የሰፈሩ እናቶች በተራ በየቤታቸው ያቀርባሉ።

ከዓሣ አስጋሪዎች ወገን የሆኑ አባል

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የጠዋቱን ሥራ የሚያውቅ ሰው ረቂቁን ያየው አልመሰለኝም። መረባችንን ማታ ጥለን ሌሊት እንስበዋለን፤ ጎሕ ሲቀድ ጀልባው ዳር ሲደርስ ቆሮሶው ከመረቡ እየተፈታ ይወጣል፣ አምባዛው ለብቻው ይደረጋል፣ ነጋዴው ይጫረታል፣ ልጆቹም ቢላዋቸውን ይዘው ቅርፊቱን ይገፋሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። አባ ኮዳዎቹ አጠገባችን ቆመው የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ። እንግዳው የወፏን ፎቶ ለማንሣት ወደ ኋላ ሲሸሽ የተሸከመ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ዓሣ የሚገፍፈውን ልጅም ሳያስፈቅድ ያነሣዋል። ያ ልጅ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ተማሪ ነው፤ ምስሉ የት እንደሚደርስ ማንም አይነግረውም።

ስለዚህ ቡድኑ የጀልባው ጭነት ከወረደ በኋላ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ እንዲደርስ፣ በአንድ ወገን እንዲቆምና ፎቶ የሚነሣው በአስጎብኚው አማካይነት ፈቃድ ተጠይቆ ብቻ እንዲሆን በረቂቁ ይግባልን። ከእያንዳንዱ ቡድን ክፍያ ላይ ለዳርቻው ጽዳት የሚውል ድርሻም ይቀመጥ። ሐይቃችን በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ይገባለታል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ የተጣለበት ፕላስቲክም ሆነ የዓሣ ጥራጊ እዚያው ይከርማል። አስጎብኚዎቹ ሌላም አንድ ነገር ቢናገሩ ደስ ይለኛል፤ እጅግ ትንንሽ ቆሮሶ የሚገዛ ሰው ከሌለ ቀዳዳው የጠበበ መረብ የሚጥልም አይኖርም።

አስጎብኚ አባል

በፎቶውም ሆነ በሰዓቱ እስማማለሁ። የእኔ ጥያቄ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ስለሆነው ስለ ፍቼ ጫምባላላ ነው። በዓሉ በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ከሌላ ከተማም ከውጭ አገርም ስለ እሱ የሚጠይቀኝ እንግዳ ብዙ ነው። በዓሉ በጉዱማሌ ሜዳ በሚከበርበት ሰሞን ልዩ የጉብኝት ቀን ብናዘጋጅ፣ አስቀድመን ቦታ ብናስይዝና ከፍ ያለ ክፍያ ብንጠይቅ የዓመቱ ዋና ገቢያችን ሊሆን ይችላል። ለወጣቶቻችን ሥራ ስንፈልግ ይህን የመሰለ አጋጣሚ ማለፍ ከባድ ነው።

ከአገር ሽማግሌዎች አንዱ

ልጄ፣ ሐሳብህ ከቅንነት የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ሁለት ነገር ላስረዳህ።

የመጀመሪያው የቀኑ ጉዳይ ነው። የፍቼ ቀን በካላንደር ላይ ታትሞ የሚጠብቅ አይደለም። አያንቶዎቻችን የከዋክብቱንና የጨረቃውን አካሄድ ተመልክተው ይወስኑታል፤ ከዚያም ለየጎሳው ይነገራል። ከወራት በፊት ለእንግዳ ቀን ቆርጦ ገንዘብ የሚቀበል ሰው በእጁ የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው።

ሁለተኛው የበዓሉ ምንነት ነው። አባቶቻችን እንደነገሩን፣ በዓሉ አግብታ ወደ ሌላ አገር የሄደች አንዲት የሲዳማ ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ቡርሳሜ ይዛ ስትመጣ ከጎረቤት ጋር ይበሉ የነበረውን የሚያስታውስ ነው። ቡርሳሜው የእንሰት ምግብ ነው፤ በቅቤና በወተት ይሠራል፤ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤቱን ሲጠይቁ ከዚያው ይቀርብላቸዋል። በእነዚያ ቀናት የጎሳ መሪዎች ወጣቱን ጠንክሮ እንዲሠራ፣ አረጋዊን እንዲደግፍ፣ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆርጥ፣ በሐሰት እንዳይመሰክርና እንዳይሰርቅ ይመክራሉ። ይህ ሁሉ በሚደረግበት ቦታ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ማቆም አልፈቅድም። እንግዳ ይምጣ፤ ጎረቤት ጋብዞት፣ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ ይብላ።

በረቂቁ ላይ ያየሁት አንድ ጉድለትም አለ። አብሮ መኖራችንን ሲያወሳ ክፉ ቀን እንዳልነበረን አድርጎ ጽፎታል። ሰኔ 2010 ላይ፣ በዚሁ በዓል ሰሞን፣ በከተማችን ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ በተከታዩ ዓመት ሐምሌም እንዲሁ። ለእንግዳ ይህን አታንሡበት ብሎ ወጣቶቹን ማስጠንቀቅ አያስፈልግም። ቢጠየቁ እውነቱን በጨዋ አንደበት ይናገሩ፤ ከዚያ በኋላም ይህ ሰፈር በአንድ ዕድር እንደቀጠለ ይናገሩ። እኛ ሽማግሌዎችም ከወላይታም ከጉራጌም ከሌላውም ወገን ሰዎች ጋር ሆነን ልናስጠናቸው ዝግጁ ነን።

ተከራይ አባል

አባታችን ስለተናገሩት አመሰግናለሁ። እኔ የምሠራው በልብስ ፋብሪካ ነው፤ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጓሮ ካለች አንዲት ሰርቪስ ቤት እንኖራለን። በማኅበሩ ውስጥ የተከራዮች ድምፅ ጥቂት ስለሆነ በግልጽ መጻፍ እፈልጋለሁ።

በረቂቁ «የውስጥ ለውስጥ መንገዶች» የተባሉት እኛ በር ላይ ልብስ የምናሰጥባቸው፣ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሰን ቀን የምንተኛባቸው ናቸው። ወደ ግቢ ገብቶ አኗኗራችንን የሚያይ ቡድን እንዲመጣብን አንፈልግም። ወዳጅ የሆነ ሰው መጥቶ ቡና ቢጠጣ ደስታዬ ነው፤ ነገር ግን አልጋዬንና ምድጃዬን ለማያውቀኝ ሰው የሚያሳይ አስጎብኚ አልቀበልም።

ከዚህ የሚበልጠው ሥጋቴ ቤቱ ነው። ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ለመላክ ያስችል የነበረው የአጎዋ ዕድል በ2014 ሲታገድ ሥራቸውን ያጡ እህቶቻችን አሉ፤ ኪራዩ ግን አብሮ አልወረደም። ጉብኝቱ ከተለመደ አከራዮች ሰርቪስ ቤቶቹን አድሰው ለእንግዳ በአዳር ማከራየት እንደሚጀምሩ ግልጽ ነው፤ ያኔ እኛ ወደ ከተማው ዳርቻ እንገፋለን፣ ከሰርቪስ መኪናው መውረጃም እንርቃለን። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ካለቀ እንግዳው የሚጎበኘው ማንን ነው?

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መንገዱ ግቢ ውስጥ እንዳይገባ ይጻፍ፤ ከገቢው የመጀመሪያው ድርሻም ሰርቪሱ ማታ ከሚያወርደን ቦታ እስከ ሰፈሩ ለሚዘረጋ የመንገድ መብራት ይዋል።

አከራይ አባል

የእህታችንን ሥጋት አልንቅም፤ እኔም ልጆቼን ያስተማርኩት ከእነዚሁ ቤቶች በሚገኝ ኪራይ ነው። ሆኖም የቤት ባለቤት በንብረቱ እንዳይጠቀም ማኅበሩ ሊከለክል አይችልም፤ የሲሚንቶውና የቆርቆሮው ዋጋ ለእኛም አልቀነሰም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ደንግጓል፤ የትኞቹ ከተሞች በአዋጁ እንደሚሸፈኑ የሚወስነው ክልሉ ነው። ስለዚህ መከራከር ያለብን እርስ በርሳችን አይመስለኝም። አዋጁ በሰፈራችን እንዴት እንደሚሠራበት በሐሳባችን ውስጥ በጥያቄ መልክ እናንሣው። እስከዚያው ድረስ በጉብኝቱ መጠቀም የሚፈልግ አባል ሰው ያለበትን ቤት ላያስለቅቅ በፈቃዱ ይፈርም፤ ለእንግዳ ማረፊያ የሚያከራይ ካለ አዲስ የሠራውን ያከራይ። እኔ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ።

ምሳውን በተራ ለማቅረብ የተመዘገቡ እናት

ስለ ምሳው ጥቂት ልበል። በአንድ ቤት አንድ ዓይነት ምግብ ይቅረብ፤ ሁሉንም በአንድ ገበታ መደርደር የሆቴል ነገር ይሆናል። የሲዳማ እናት ተራ ሲደርስ ቡርሳሜው በሸክላ ዕቃው በሻፌታ ይቅረብ፤ የወላይታ እናት ሙቿዋን ከዳጣ ጋር፣ የጉራጌ እናት ክትፎዋን ከቆጮ ጋር ታቅርብ። የጾም ቀን ሲሆን እንግዳው አስቀድሞ ይነገረው እንጂ አንዲት ጾመኛ እናት ቅቤ እንድታነጥር አትገደድ። ክፍያው ምግቡ በቀረበ ዕለት በእጃችን ይሰጠን፤ በማኅበሩ ሒሳብ ገብቶ እስኪወጣ የምንጠብቅበት አቅም የለንም።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ረቂቁን በሰጣችሁት ሐሳብ መሠረት አሻሽዬዋለሁ፤ ዋና ዋና ለውጦቹም እነዚህ ናቸው።

ጉዞው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አይጀመርም፤ በማናቸውም ግቢ ውስጥ አያልፍም፤ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሣም፣ የልጆች ፎቶ ግን ወላጅ በሌለበት ጨርሶ አይነሣም። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የገብርኤል በዓል ምዕመናኑ ከየአገሩ ስለሚመጡ መንገዱም አደባባዩም ስለሚጨናነቅ በእነዚህ ሁለት ቀናትና በዋዜማቸው ጉብኝት አይኖርም። ፍቼ ጫምባላላ ከዕቅዱ ወጥቷል፤ በምትኩ ጋባዥ ያገኘ እንግዳ እንዴት መግባት እንደሚገባው ሽማግሌዎቻችን አንድ ገጽ ያህል ምክር ይጽፉልናል። ስለ 2010 እና 2011 የሚናገር አንድ አንቀጽ በመግቢያው ገብቷል፤ አስተዳደሩ ይህ ይውጣ ቢለን እንኳ እኔ በበኩሌ እንዳይወጣ እከራከራለሁ፤ ምክንያቱም ወጣቶቻችን በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር በእንግዳ ፊት እንዲሸከሙ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

የገቢው ክፍፍል ብዙ ያከራክራል ብዬ ሠግቼ ነበር። የእናቶች የምሳ ክፍያ በዕለቱ በእጃቸው ይሰጣል፣ የአስጎብኚውም እንዲሁ፤ የቀረው በሁለት ተከፍሎ እኩሌታው ለመብራቱ፣ እኩሌታው ለሐይቁ ዳርቻ ጽዳት ይውላል። መብራቱ ተዘርግቶ ሲያልቅ ድርሻው ወደ ምን እንደሚዞር ጠቅላላ ጉባኤ ይወስናል። የአከራዮቹ የፈቃድ ፊርማ በአባሪነት ይያያዛል፤ ስለ ኪራይ አዋጁ ያነሣነው ጥያቄም ለአስተዳደሩ በተለየ ደብዳቤ ይቀርባል፤ ከጉብኝቱ ሐሳብ ጋር ከተቀላቀለ መልስ ሳያገኝ እንዳይቀር እሠጋለሁ።

ሳይቋጭ የቀረው የአስጎብኚዎቹ ምርጫ ነው። ሲዳሙ አፎንና አማርኛን አጥርቶ የሚናገር ወጣት በቀላሉ ይገኛል፤ ወላይትኛ ወይም ጉራጊኛ የሚጨምር ቢሆን ይመረጣል። ነገር ግን በቋንቋ ብቻ ከመረጥን ከተከራዮቹ መካከል የሚገባ አይኖርም ብዬ እፈራለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት አስጎብኚዎች ቢያንስ ሁለቱ በሰፈሩ በኪራይ የሚኖሩ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀርባለሁ። የምትቃወሙ እስከ ዓርብ ምክንያታችሁን ጻፉ።

ሐሳቡ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ በሁለት ቅጂ ይገባል። የሲዳሙ አፎውን ቅጂ የሚያርም አንድ አባልና ከእኔ ጋር ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍለ ከተማው የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉኛል፤ ከሁለቱ አንዷ ከተከራዮች ወገን ብትሆን እመርጣለሁ፤ የሥራ ፈረቃዋ የማይፈቅድ ከሆነ ቀኑን እንለውጣለን።